ኔፕቱን የተባለችው ጀልባ

ቢያዝን፣ እህቴ የሺመቤት ጀልባ ነጂ አገባች ብሎ ቂም ከያዘ ሰነባብቷል። ኮሌጅ ውስጥ ታሪክ ያስተምራልና ቂሙንም እንደ ትምህርቱ አደራጅቶ ነው የሚይዘው። ባሏ ግሩም ያለ የሌለውን ሸጦ ተሳላሚ ወደ ዘጌ የሚያመላልስበት ጀልባ ሲገዛ፣ ስም እንዲያወጣለት የለመነው ይህንኑ ሰው ነበር።

«ጀልባዋን ገዛሁ፣ ጋሼ። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ስም ያውጡላት።»

ቢያዝን ጊዜ አልፈጀበትም። «ኔፕቱን» አለው። ላቲን መሆኑን፣ ሥሩ ከእርጥበትና ከደመና ጋር ይዛመዳል የሚሉ መኖራቸውን ነገረው። ውሸት አልነበረም። ቀሪውን ግን ዋጠው። ያ የዋህ ግሩም በጀልባዋ ጎን ላይ በሰማያዊ ቀለም አስጻፈና ባለፈ ባገደመ ቁጥር እየዳሰሰ ይስቅ ጀመር።

ጠበል በሚረጭባት ቀን ጣና ዳር ሰው ግጥም አለ። ቄስ ገብረ መስቀል መስቀላቸውን አንስተው የስሙን ትርጉም ጠየቁ። ግሩም በኩራት ወደ ቢያዝን ጠቆመ። ቢያዝንም ጉሮሮውን ጠርጎ ክፍል እንደ ገባ ሁሉ ጀመረ። የስሙ ምንጭ ሊቃውንትን እንዳከራከረ፣ አንድ የጥንት ሮማዊ ባሕር ምድርን ይሸፍናልና ከመሸፈን የመጣ ነው እንዳለ፣ ባለ ስሙም ከባሕር በፊት የምንጭና የወንዝ ጌታ እንደነበር ዘረዘረ።

«ጌታ ማለት?» አሉ ቄሱ።

«ጣዖት ነው፣ አባ። ኮርማ ይታረድለት ነበር።»

ቄሱ ደግ ሰው ናቸው፤ ስሙን ፍቃችሁ ተመለሱ ብለው ሄዱ። ግሩም በዚያው ቀን ፋቀው፣ በሳምንቱም ጠበሉ ተረጨ። የሰው አፍ ግን አይፋቅም። «የጣዖቷ ጀልባ» ተባለች። ለኪዳነ ምሕረት በዓል ተሳላሚው ሌሎቹ ጀልባዎች ላይ ተጨናንቆ ሲሻገር እሷ እንደ ታሰረች ዋለች። በመጨረሻ ለጎርጎራ ሰው በርካሽ ሄደች፣ ግሩምም ተቀጥሮ የሰው ጀልባ ይነዳ ገባ። ቢያዝን ይህን የሰማ ቀን ምሳውን ጥርግ አድርጎ በላ።

ከዚያ የሺመቤት ወንድ ልጅ ወለደች። ቢያዝን ሚስትም ልጅም የለውም፤ የእህቱ ልጅ ነገር ሆዱን አባባው። ክርስትና በተነሣ ማግስት የሕፃን ልብስ ገዝቶ ሄደ፣ ልጁንም አቀፈ። ሕፃኑ ጣቱን ጭብጥ አድርጎ ያዘው።

«ክርስትና ስሙን ማን አላችሁት?»

የክርስትና ስም ክፉ ለሚያስብ ሰው አይነገርም፤ በስሙ ይደገምበታል ተብሎ ይፈራል። የሺመቤት ደግሞ ወንድሟን ከልጅነቷ ጀምራ አንተ ስትል ነው ያደገችው።

«ለእርስዎ አይነገርም» አለችው።

የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ከጣቱ አላቀቀችና ወሰደችው። ግሩም ተነሥቶ በሩን ከፈተለት፤ እንደ ወትሮው ጋሼ እያለ እስከ ደጅ ሸኘው።