አራተኛው መስፈርት

አራተኛውን መስፈርት የጨመርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

ዘመኑ 1988 ነው። በልጅነቴ ለትምህርት ከተላክሁባት ከኩባ ከተመለስኩ ሁለት ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከከተማችን ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ ባለው ቢሮ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ፈቃድ የሚያገኙበትን መስፈርት እንዳረቅ ተሰጠኝ። ሦስቱ የታወቁ ነበሩ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ የሦስት ወር ሥልጠና የወሰደች፣ የጤና ምርመራ ያለፈች። ባሕር ማዶ የተማርኩት ሁሉ ከንቱ እንዳይመስል እኔ «ከወላጆች ኮሚቴ የድጋፍ ደብዳቤ የምታቀርብ» ብዬ አከልኩበት። ወላጅ ድምፅ ይኑረው ማለቴ ነበር። ኮርቼበትም ነበር።

እትዬ ሻሺቱ በታችኛው ሰፈር፣ ከሲቀላ ገበያ ጀርባ ባለች የጭቃ ክፍል አሥራ አራት ዓመት አስተምረዋል። አሥራ ሁለተኛን የጨረሱት በማታ ትምህርት ነው። ለፈቃዱ ሲመጡ ሦስቱን ወረቀት ይዘዋል፤ አራተኛው የለም።

«ኮሚቴው አልፈርምም አለ።»

«ምን አጥፍተው?»

«ልጆቹን ሁሉ በአንድ ኩባያ አጠጣለሁ።»

ገባኝ። ክፍላቸው ውስጥ ሁለት የሸክላ ሠሪ ልጆች ነበሩ። እኔም እንደ ኮሚቴው ሰዎች ጋሞ ነኝ፤ እናቴ ቤት ለሸክላ ሠሪ የሚቀዳበት ቅል ከበሩ ኋላ ለብቻው ይንጠለጠል ነበር። ኩባ ከየአገሩ ልጅ ጋር በአንድ ኩባያ ስጠጣ ቅሉን የረሳሁት መስሎኝ ነበር።

«ለአንድ ሳምንት ሌላ ኩባያ ያስቀምጡ» አልኳቸው። «ይፈርሙልዎት፤ ከዚያ ያነሱታል።»

ሳቁብኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን ለመማር ነው ያን ሁሉ ውቅያኖስ የተሻገርከው? እንስራውን ማን የሠራው ይመስልሃል? ከእንስራቸው ይጠጣሉ፣ ኩባያቸውን ይጸየፋሉ!» ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙ። «መስመሯን የጻፍካት አንተ ነህ አሉ። ሰርዛት።»

መሰረዝ እችል ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ስለሆነ የማሻሻል ሥልጣን ነበረኝ። ግን «ኩባ አበላሸችው» እንዳልባል ፈራሁ።

«እስቲ ላስብበት» አልኳቸው።

ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ። እኔ ሳስብ የማመልከቻው ቀን አለፈ።

መስከረም ላይ ወደዚያችው የጭቃ ክፍል ለቁጥጥር ወረድኩ። እትዬ ሻሺቱ ገበያው ውስጥ ሙዝ ይሸጣሉ ስለተባልኩ በዚያ በኩል አላለፍኩም። በቦታቸው ፌቨን የምትባል ወጣት ተቀጥራለች። አራቱም ወረቀቶቿ የተሟሉ ናቸው። ልጆቹ ዘመሩልኝ። ቅጹ ላይ ሁሉንም «ተሟልቷል» ብዬ ሞላሁ።

ሙቀቱ አይቻልም ነበር። ከእንስራው ጎን ከተደፉት ሁለት ኩባያዎች አንዱን አነሳሁ።

«አይ ጋሼ፣ እሱን አይንኩት!» ፌቨን ሮጣ መጥታ ከእጄ ተቀበለችኝ፤ ሌላውን ሞልታ ሰጠችኝ። «የእርስዎ ይሄኛው ነው።»

ከኋላ፣ ለብቻቸው የተቀመጡ ሁለት ልጆች እጄን እጄን ያያሉ።

ተቀብዬ ጠጣሁ።