ያልዶለዶመው ስለት

በበረዶ ግግር በተሸፈነው ሐይቅ ላይ የተሰመሩት ሁለት ጭረቶች ወደ ግራ ታጠፉ። ቢሬት በበረዶ ላይ የምትነዳውን ሞተሯን አቁማ ወረደችና ተንበረከከች። የቀኙ ጭረት ደህና ነው። የግራው ግን ለሁለት ተሰንጥቆ መሃሉ ላይ ፀጉር የምታክል በረዶ ትቷል። አጋዘን አርቢ የዘመዱን ዱካ አይስትም፤ ይህ የአባቷ የማህተ ዱካ ነው። ማህተ ግን ብርዱ ሲገባ ከነሞተሩ እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ሰጥሞ ሞቷል።

ጭረቱን የተወው ታናሽ ወንድሟ ዮቭና መሆኑን ታውቃለች። የራሱን ስለቶች በረዶው በቀለጠበት አስፋልት ላይ እየነዳ ፈጃቸው። ከሞተሩ ፊት ካሉት መንሸራተቻዎች፣ ከስኪዎቹ ስር የሚታሰሩት፣ ካርባይድ ከተባለ ጠንካራ ብረት የተሠሩት ስለቶች ካልነከሱ ደግሞ ሞተሩ በግግር ላይ መሪ አይሰማም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት፣ ከውሃ ተጎትቶ ከወጣው የአባቱ ሞተር ስር ያሉትን ስለቶች ፈትቶ በራሱ ላይ አሰራቸው። ሌላው ሁሉ ዝጎ እነሱ ያብረቀርቁ ነበር።

«ዓመት ሳይሞላው የሟች ዕቃ ይነካል እንዴ?» ብትለው ሳቀባት።

«እህት ዓለም፣ ካርባይድ እኮ ነው! እኔንም አንቺንም ቀብሮ ይኖራል። ይልቅ እርጉዞቹን አጋዘኖች ዛሬ ካላሻገርን ግግሩ ሳስቶ እዚሁ ቀሩልሽ።»

ከዚያ መንገዱን ሊፈትሽ ቀድሞ ወጣ። ቢሬት መንጋውን ዳር ላይ ይዛ ብትጠብቅ ብትጠብቅ አልመለስ አለ። መሻገሪያው ያለው በስተቀኝ ነው። በስተግራ ያለው አባታቸውን የዋጠው ጠባብ ወሽመጥ ብቻ ነው፤ ዮቭና ደግሞ ይህን ከልጅነቱ ያውቃል።

ዱካውን ተከትላ ሄዳ፣ ግግሩ ተከፍቶ ጥቁር ውሃ በሚታይበት አፋፍ ላይ አገኘችው። ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ እንደተቀመጠ ነበር።

«ዮቭና! ና ውረድ!»

«ወደ ቀኝ ነው የያዝኩት» አለ ሳይዞር። «እስቲ እዪው። ከመነሻዬ ጀምሮ ወደ ቀኝ ነው።»

እውነቱን ነው፤ መሪውም ስኪዎቹም ወደ ቀኝ ዞረዋል። ቢሬት የመጣችበትን ዱካ መለስ ብላ አየችው። ተንሸራቶ ቢሆን ጭረቱ ሰፍቶ ይበተን ነበር። ይህ ግን ጥልቅና ጥርት ያለ ነው፤ ስለቱ ነክሶ፣ መንገዱን አውቆ ነው የመጣው። ፈራች። በሕይወቱ ሳለ አንድ ቀን ፈርታው የማታውቀውን አባቷን አሁን ፈራችው፤ መፍራቷም አሳፈራት።

ሞተሩን በገመድ ወደ ኋላ ጎትተው ከአፋፉ አራቁት። ቢሬት በጎኑ አጋድማው ብሎኖቹን በመፍቻ ትፈታ ጀመር።

«ምን ልትሆኚ ነው? ያለ እነሱ በምን ልነዳ? መንጋውስ?»

«በእኔ ሞተር እናሻግራለን። ዝም ብለህ ያዝልኝ።»

ስለቶቹን ይዛ እስከ ውሃው ተሳበች። «አባዬ፣ ይኸው ዕቃህ» አለችና ለቀቀቻቸው። ያለ አረፋ ወረዱ።

ሊነሱ ሲሉ ከእግራቸው ስር ድምፅ ሰሙ። እንደ ስለት ያለ ነገር ግግሩን ከታች በኩል ይፍቃል። ቀስ እያለ አለፋቸውና ከወሽመጡ ራቀ፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ መሻገሪያው። ጥቂት ሄዶ ቆመ። እንደገና ፋቀ፤ ደግሞ ቆመ።

«እየጠበቀን ነው?» አለ ዮቭና፤ ድምፁ የሕፃን ሆነ።

ቢሬት ቀና ስትል የመንጋው መሪ የሆነችው አሮጊት አጋዘን ማንም ሳይነዳት ከዳሩ ወርዳ ግግሩ ላይ ቆማለች። አንገቷን ደፍታ፣ ጆሮዋን ወደ በረዶው አዘንብላ አዳመጠች፤ ከዚያም ድምፁን ተከትላ መራመድ ጀመረች። እርጉዞቹ አንድ በአንድ ከኋላዋ ወረዱ።

ቢሬት ቀድማ ልትመልሳቸው ወደ ሞተሯ ሮጠች። ልታስነሳው እጇን ዘረጋችና ተወችው፤ ሞተሩ ከጮኸ ድምፁን መስማት አይችሉም። የወንድሟን እጅ ይዛ በእግሯ ተከተለቻቸው።