ጋቢ ውስጥ የሚነበብ

እህቴ ዓለምዘውድ ምን እንደምትፈልግ እስኪገባኝ ድረስ ሦስት የመጽሐፍ ማንበቢያ አስመርጣኛለች። ሦስተኛው አሁን ኪሴ ውስጥ ነው። ሱቅም ስቀመጥ፣ ባጃጅም ስሳፈር ይዤው እዞራለሁ። አንድ ቦታ ካስቀመጥኩት የሚጠፋ ይመስለኛል።

ዓለምዘውድ ቡታጅራ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምራለች። እኔ የባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ። ከሰባተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን በራሴ ነው የለቃቀምኩት። አርባ አንድ ዓመት ሞልቶኝም አቡሽ ነበር የምትለኝ። እኔ ደግሞ እታለም እላታለሁ።

ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ጉበቷን አይተው ወደ ቤት ውሰዷት አሉን። ምን ማለታቸው እንደሆነ ለሁለታችንም ገብቶናል። አልጋዋን ጠያቂ እንዲያገኛት ብለን ሳሎን አወጣነው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ባዶ ሆኖ አያውቅም። የድሮ ተማሪዎቿ፣ መምህራን፣ የዕድር ሰዎች፣ ከእንሴኖ በአውቶቡስ የሚመጡ ዘመዶች ብርቱካን ይዘው ይገባሉ፣ እግዜር ይማርሽ ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። ከሁሉም ቀድመው የሚመጡት፣ ከሁሉም በኋላ የሚወጡት ጎረቤታችን እትዬ ከድጄ ነበሩ። ራስጌዋ በርጩማ ስበው ይቀመጡና ወሬያቸውን ይጀምራሉ። በተለይ አንዲት ፍየል አለቻቸው። እንሴኖ ገበያ ላይ ተሰርቃ፣ ሌባው በሳምንቱ መልሶ ለራሳቸው ሊሸጥላቸው ይዟት የመጣ ፍየል። የዚያችን ፍየል ታሪክ ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም።

አንድ ጠዋት ጠያቂ ከመምጣቱ በፊት እታለም ጎንበስ እንድል በእጇ ጠራችኝ።

«አቡሽ፣ እንደ ስልክ ያለ መጽሐፍ ማንበቢያ አለ አሉ። ትንሽዬ፣ ብርሃን የማይረጭ ፈልግልኝ። የጀመርኩት መጽሐፍ አለ፤ እሱን ሳልጨርስ መሄድ አልፈልግም።»

መጽሐፉ ስድስት መቶ አርባ ገጽ ያለው ልቦለድ ነው። ተማሪዎቿ በስካነር አንስተው በፍላሽ ሰጥተዋታል። ትንሽዬ ያለችኝ እኔን ላለማስቸገር፣ ብርሃን የማይረጭ ያለችኝም ዓይኗን እያመማት መሰለኝ። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኳትም። መቆም መቀመጥ አቅቶኝ የሰነበትኩ ሰው ነኝ፤ የሚሮጥበት ነገር ስታሳየኝ ሮጥኩ።

አውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ሳኒ የሚባል ልጅ አለ። ለምን እንደምትፈልገው፣ ቀን ነው ማታ የምታነበው፣ ሌላ ሥራ ትሠራበታለች ወይ እያለ ጠየቀኝ። ትልቁን አምጣልኝ አልኩት። ባለ አሥር ኢንች ታብሌት ይዤ ገባሁ።

እንደከፈትኩት ሳሎኑ በሙሉ አልጋዋን ከበበ። አንዱ መዝሙር ከፈተበት። አንዷ ዱባይ ያለችውን ልጇን በቪዲዮ ደወለችበትና እታለምን አገናኘቻት። የሦስት ሰው የሠርግ ፎቶ ታየበት። እኔ በር ላይ ቆሜ ኮራሁ። እታለም ፈገግ እያለች ለጠየቃት ሁሉ ታቀብላለች። በሁለተኛው ቀን ማታ፣ ይሄ የሰው ነው፣ የእኔን አምጣልኝ አለችኝ።

ሳኒ ሁለተኛውን ከመርካቶ አስመጣልኝ። ስድስት ኢንች ነው፤ ስክሪኑ ወረቀት ይመስላል፣ አያበራም፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ መብራት ለሳምንት ቢጠፋም ግድ የለውም። አሁን ገና አገኘሁት ብዬ ሰጠኋት። ሁለት ቀን ቆይታ፣ ፊደሉ ጤፍ ያክላል፣ ገጹም ራሱ ይገለበጣል አለችኝ። ፊደሉስ እሺ፣ ሙሉ ገጽ በዚያች ስክሪን ላይ ሲጨመቅ ያንሳል። ገጽ ራሱን ሲገለብጥ ግን ሰምቼ አላውቅም። ሳኒ ሱቅ ወስጄ አንድ ሰዓት ሙሉ ይዤው ቆምኩ። አንድም ገጽ አልተገለበጠም።

«ዕቃው ጤነኛ ነው፤ ቲቸር ናት የደከመችው» አለኝ ሳኒ።

ተቀየምኩት። የተቀየምኩት እኔም እንደዚያው አስቤ ስለነበር ነው።

እግሯ ማበጥ ጀምሮ ነበር። ከስድስት መቶ አርባው መቶ አሥር ገጽ ብቻ አንብባለች። ሳኒ ወልቂጤ ውስጥ የኮምፒውተር ጥገና ያለው ዮሲ የሚባል ሰው ጠቆመኝና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተሳፈርኩ። አረቅጥ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ዘግቶት ሹፌሩ ቆመ። ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ሲያሸልብ እኔ ወርጄ መኪናውን ስዞር ቆየሁ። ስንት ገጽ እያመለጣት ነው እያልኩ አስብ ነበር።

ዮሲ ዕቃውን ሳይነካ እኔን ይመረምረኝ ጀመር። በየትኛው እጇ ነው የምትይዘው? ተኝታ ነው ተቀምጣ? ጣቷ እንደልቧ ይታዘዝላታል? አንዱንም አላውቅም። በየቀኑ አልጋዋ አጠገብ የምውል ወንድም አንዱንም አላውቅም። ዮሲ የመነጽሩን ጨርቅ አወጣና ጠርዙን በስክሪኑ ላይ ጎተት አደረገው። ገጹ ተገለበጠ።

«ይሄ ጣትና ጨርቅ አይለይም» አለኝ። «ልብስ ውስጥ ነው እንዴ የምታነበው?»

ስልክ ደወልኩላት። ስታነሳው ከጀርባዋ የእትዬ ከድጄ ድምፅ ይሰማል፤ ፍየሏ ገና ገበያ አልደረሰችም።

«እታለም፣ ጋቢ ውስጥ ነው እንዴ የምታነቢው?»

በሹክሹክታ መለሰችልኝ።

«ታዲያ የት ላንብብ? ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ፊት መጽሐፍ ልግለጥ? ነውር አይደለም? አትምጡ አልላቸው። ወድደውኝ ነው የሚመጡት። ግን የቀረኝን ቀን ቁጭ ብለው ጨረሱብኝ፣ አቡሽ።»

ዮሲ ሰምቷል። ከመደርደሪያው አንድ አሮጌ ማንበቢያ አወረደ። ስክሪኑ ቢነኩት አይሰማም፤ ገጽ የሚገለብጠው ጎኑ ላይ ባለች ቁልፍ ነው፣ ቁልፏም ድምፅ የላትም። መጽሐፉን እያንዳንዱን ገጽ ለሁለት ከፍሎ አግድም አስተኛው፤ ፊደሉ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ አከለ። ስድስት መቶ አርባው ገጽ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰማንያ ሆነ። የእኔን ወስዶ ያንን ሰጠኝ።

ከሰዓት በኋላ ቡታጅራ ገባሁ። ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ጋቢዋን የማስተካክል መስዬ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ጋቢውን እንደ ድንኳን ወጠረችው። ከእግርጌ ለተቀመጠው ሰው ጉልበት ብቻ ነው የሚታየው፤ በራስጌዋ መስኮት የሚገባው ብርሃን ደግሞ ለእሷ ይበቃል። አውራ ጣቷ ቁልፏን ስታገኝ ፊቷ ላይ አየሁት።

አሥራ ዘጠኝ ቀን አነበበች። እኔ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ የጋቢው ጠርዝ ሲነቃነቅ ካየሁ ሱቅ እመለሳለሁ፤ ካላየሁ በር ላይ እቆማለሁ። በልቤ ግን እትዬ ከድጄን መጥላት ጀመርኩ። ሌላው ጠያቂ ዝም ማለት ያውቃል፤ እሳቸው እዚያው ራስጌዋ ያለማቋረጥ ያወራሉ። እያነበበች እንዴት ይሆንላታል ብዬ አንድ ቀን ከሰው ፊት፣ እስቲ ትንሽ ዝም እንበልላት እትዬ፣ አልኳቸው። እሺ ልጄ አሉ። ሰዉ ሁሉ አቀርቅሮ ዝም ሲል የጋቢው ጠርዝም ቆመ። ትንሽ ቆዩና እትዬ ከድጄ ፍየሏን ከነገመዷ መልሰው አመጧት፤ የጋቢው ጠርዝም መነቃነቅ ጀመረ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ ሰው እንደተቀመጠ፣ እትዬ ከድጄ ወሬያቸውን መሀል ላይ አቋረጡት። ፍየሏን ሳይጨርሱ አቁመው አያውቁም። ዞሬ አየኋቸው። እጃቸውን ጋቢው ላይ አሳርፈዋል።

በሠልስቱ ቀን እኔም እዚያው ሳሎን ፍራሽ ላይ ነበርኩ። ሰው ይገባል፣ ያለቅሳል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። እኔ ማልቀስም መቀመጥም አልቻልኩም። ተነስቼ እንዳልሄድ የሟች ወንድም ነኝ። ጉልበቴን አጠፍኩና ጋቢዬን ወጠርኩ፤ ማንበቢያውን ከኪሴ አወጣሁ። ባቆመችበት ላይ ተከፈተ። ከታች ያለው ቁጥር ሠላሳ አራት ግማሽ ገጾች እንደቀሯት ይናገራል። ሙሉ መጽሐፍ አንብቤ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ የታሪኩን ሰዎችም አላወቅኳቸው። ግን ማንበብ ጀመርኩ።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡ የዕድር ሽማግሌ ጉልበቴን አየት አደረጉ። ደግመው አዩኝ። እትዬ ከድጄ ከሴቶቹ ተራ ተነስተው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ጨረሰች?» አሉኝ በቀስታ።

«አልጨረሰችም እትዬ። ትንሽ ቀርቷታል።»

«አንተ ጨርስላት። እኔ ላውራ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «ያቺን እንሴኖ ላይ የጠፋችብኝን ፍየል ነግሬዎት ነበር?» አሏቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከጉልበቴ አንስተው ወደ እሳቸው ዞሩ። ቁልፏን ተጫንኩ።