ራሕማ ደጅ የቆመው ሯጭ

ሀረገወይን የሴትየዋን ስም እስኪነግሯት ድረስ የምትቀናው በመንገዱ ነበር። ከነገሌ ወጥቶ ወደ ፊልቱ በሚወስደው፣ አቧራ እንጂ ሌላ ምንም በሌለው መንገድ። ባሏ አሥር አለቃ ለገሰ ጎሕ ሲቀድ ቁምጣውን ለብሶ፣ ሸራ ጫማውን አጥልቆ በዚያ መንገድ ይሮጣል፤ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ደግሞ ፊቱ በርቶ ይመለሳል። ከሷ ጋር ውሎ ፊቱ እንዲያ የበራበትን ቀን ብታስብ ብታስብ አላገኘችም።

በሮም ከተማ ማራቶን ካሸነፍን ሦስተኛው ዓመት ነበር። እግር ያለው ሁሉ ራሱን ሯጭ ያደረገበት ዘመን ነው። የብርጌዱ አዛዥም የማራቶን ግማሽ፣ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ውድድር እንዲደረግ አዘዙ፤ ከወታደሩ መካከል አንደኛና ሁለተኛ የወጡት አዲስ አበባ ሄደው ከሌሎች ክፍሎች ጋር ይወዳደራሉ ተባለ። ለገሰ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው። ሠላሳውን አልፏል፤ ከዝናብ ካልሆነ በቀር ከምንም ሮጦ አያውቅም። ያን ትእዛዝ በሰማ በማግሥቱ ግን ብድግ ብሎ ሯጭ ሆነ።

መጀመሪያ ሀረገወይን ሳቀች። ቀጥላ ማስተዋል ጀመረች፤ ቀናተኛ ሰው ሲያስተውል ደግሞ አያድርስ ነው። ሰውየው ቤት ከመግባቱ በፊት ቦኖው ጋ ቆሞ ፊቱን ይታጠባል። ደህና፣ ላብ አለበት። አፉንስ የሚጉመጠመጠው ለምንድን ነው? ያውም ደጋግሞ! ገብቶም ቢሆን ጠጋ ስትለው ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ለወትሮው አፉን ሞልቶ የሚበላው ሰው ቁርሱን ቀማምሶ ይተወዋል። የትኛው ሯጭ ነው አፉን ታጥቦ ሚስቱ ዘንድ የሚገባው?

ስሙን ያመጣችው ጎረቤቷ አመለወርቅ ናት፤ የሃምሳ አለቃ ሚስት ስትሆን፣ በካምፑ ውስጥ እሷ ሳትሰማው የሚያልፍ ነገር የለም።

«እኔ ነገር ማመላለስ አልወድም» አለች፣ እንደተቀመጠች። «ግን አንቺ እህቴ ነሽ። ባልሽ ጠዋት ጠዋት ራሕማ ደጅ ይቆማል።»

«ራሕማ ማናት?»

«ከከተማው መውጫ ላይ ሻይና ወተት የምትሸጠው ናታ! ባሏ ከሞተ ዓመት ሆኗታል። ረጅም ናት፤ ጥርሷ ደግሞ…» አመለወርቅ ስለ ጥርሷ አልጨረሰችም። አለመጨረሷ ከመጨረሷ የባሰ ነገር ሆነ።

ሀረገወይን በዚያን ቀን ምሳ አልበላችም። ማታ ልጃቸውን አስተኝታ ባሏን ጠየቀችው፣ ድምፅዋን እንደ ምንም አለስልሳ።

«ስትሮጥ መንገድ ላይ አታርፍም?»

«ሩጫ ላይ ምን ማረፍ አለ?» አለ ለገሰ፣ የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ።

ዋሸ። ዓይኗ እያየ ዋሸ።

በማግሥቱ ጫማውን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ደበቀችበት። እሱም ጥቂት ፈልጎ አጣና፣ ባዶ እግሩን ወጥቶ፣ «እንዲያውም ይሻላል፤ ቀለለኝ» እያለ ተመለሰ። ጫማውን ራሷ አውጥታ፣ ዱቄቱን አራግፋ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ ከመቅናት በቀር ሥራ አልነበራትም። ልጁ በወባ ሲታመም እንኳ፣ እራፊ አርጥባ ግንባሩ ላይ እያደረገች ስለ ራሕማ ጥርስ ታስብ ነበር። እናት ናት፣ ልጇን ትወዳለች፤ ቅናት ግን ተራ አይጠብቅም።

የውድድሩ ዕለት እሑድ ነበር። የወታደር ሚስቶች ሁሉ ሰልፍ ሜዳው ዳር ቆሙ። ሯጮቹ ተለቀው በአቧራ ተሸፍነው ሲወጡ፣ ሀረገወይን አሁን ሻል ያለውን ልጇን ለሌላ ጎረቤቷ ለየዓለምወርቅ አደራ ሰጠች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ያንን ጠላቷን መንገድ ተያያዘችው። ነገሌ ከመጣች አንስቶ ከካምፕ ገበያ፣ ከገበያ ካምፕ እንጂ በዚያ በኩል ወጥታ አታውቅም። ሯጮቹ ሩቅ ደርሰው በዚሁ መንገድ ይመለሳሉ። እሷም የቆረጠችው አንድ ነገር ነው፤ ራሕማ ደጅ ቆሞ ሲገኝ በዓይኗ ልታየው።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሄዳ ደረሰች። ከፊት ለፊቱ የሣር ዳስ ያለው የጭቃ ቤት ነው። ሴትየዋ ረጅም ናት። ጥርሷም እንደተባለው ነው።

«አካም፣ እህቴ፤ ናጋ?» አለች ራሕማ። በርጩማ አውጥታ ጥላው ውስጥ አስቀመጠችላት። «የወታደር ሚስት ነሽ?»

«የለገሰ ሚስት ነኝ።»

ራሕማ ትደነግጣለች ብላ ነበር። ራሕማ ግን ከት ብላ ሳቀች። «የለገሰ? ያ ቆሞ የማይቆመው ሰውዬ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ጣሳውን ስሰጠው እግሩ አያርፍም። እዚችው ላይ ዱብ ዱብ እያለ ይጠጣል፣ ሽንቱ እንደመጣበት ፍየል። ቁጭ በል እለዋለሁ፤ ከተቀመጥኩ እግሬ ይተሳሰራል ይለኛል። ጠጥቶ ሳይጨርስ ሄዷል።»

ለሌላ ሴት ይህ ዕረፍት በሆነላት ነበር። ሀረገወይን ግን ስታስበው የነበረውን ሁሉ ትታ በዚህ ቀናች። ሰባት ዓመት በትዳር ኖራ ባሏ ዱብ ዱብ እያለ ሲጠጣ አላየችም። ይህች ሴት በየጠዋቱ ታየዋለች፤ አይታም ትስቃለች።

«ወተት ካማረው በቤቱ አጣ?» አለች።

«የግመል ወተት ነዋ! አንቺ ከየት ታመጪለታለሽ?»

ሀረገወይን ከበርጩማው ብድግ አለች። ራሕማ ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ወላሂ፣ አልነገረሽም? ሚስቴ ከሰማች ሰሃኔን ትለያለች፣ እንዳትናገሪ ብሎኝ ነበር። ጂሎ ነው ያስለመደው፣ ቦረናው ወታደር። ግመል ውሃ ሳያይ ስንት ቀን ይሄዳል፣ ወተቱን የጠጣ አይደክምም አለው።»

«ረቡዕና ዓርብም ይጠጣል?»

«እኔ ረቡዕና ዓርብ አላውቅም፣ እህቴ። ፆማችሁን የምጠብቀው እኔ ነኝ እንዴ?»

አፍ መጉመጥመጡ ለዚህ ነበር፤ ፊት ማዞሩም ለዚህ። የግመሉ ነገር ለንስሐ አባቱ የሚቀርብ ነው፤ እሳቸው ይፍረዱት። ሀረገወይንን ያንገበገባት ሌላ ነው። ባሏ ምስጢር ነበረው፣ ምስጢሩንም ያስቀመጠው እዚህች ሴት ዘንድ ነው። ሚስቱን ያላመነው ሰውዬ ወተት የምትሸጥን ሴት አመነ።

ከወደ ፊልቱ አቧራ ታየ። ራሕማ ቤት ገብታ ጣሳውን ሞልታ ወጣች። «ሲመለስ እንዳቀብለው ትናንት ነግሮኛል» አለች።

«አምጪው። እኔ እሰጠዋለሁ።»

ራሕማ አላንገራገረችም። ሀረገወይን የግመሉ ነገር እንዳይነካት እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ጣሳውን ተቀበለችና መንገዱ መሀል ገብታ ቆመች።

ፊተኛው ለገሰ ነበር። ጂሎ ከኋላው ተጠግቶታል፤ ሌሎቹ ገና ሩቅ ናቸው። ለገሰ በላብ ተጠምቋል፤ አሯሯጡ ግን የሚያምር ነው፣ ይህንንም ገና ዛሬ ማየቷ ነው። እሷን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። እርምጃው ተዛነፈ። ቆመ።

እንደ ፍየል ዱብ ዱብ አላለም። ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይዘው ቆሙ።

«ልጁ ምን ሆነ?»

«ደህና ነው።»

«ሀረግ፣ አትደብቂኝ። ትኩሳቱ ተመለሰበት?»

«ደህና ነው እልሃለሁ። የዓለምወርቅ ጋ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ድረስ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ጣሳውን ወደ እሱ ዘረጋች። ጂሎ አልፏቸው ሄዶ፣ ዘወር ብሎ «ኮቱ፣ ለገሰ፣ ና እንጂ!» ብሎ ተጣራ። ለገሰ አልሰማውም። ጣሳውን አየ። ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ወደ ግድግዳው የዞረችውን ራሕማን አየ። ከዚያ ሚስቱን አየና ሁሉም ነገር ገባው። ጣሳውን ሳይነካ ሊሮጥ ሲነሳ ሁለት ወታደሮች አልፈውት ነበር። ሰውነቱም ቆሞ ቀዝቅዟል፤ እንደ መጀመሪያው ሆኖ አልታዘዘውም።

ሀረገወይን ሰልፍ ሜዳው ስትመለስ ኋላ የቀሩት ሯጮች ገና እየተንጠባጠቡ ይገቡ ነበር። ለገሰ አራተኛ ወጥቷል። የውድድሩ ኃላፊ ሻምበል ወልደገብርኤል ከሕዝቡ ፊት አቁመው ይጠይቁታል።

«ስትመራ ነበር አሉኝ። ምን አቆመህ?»

«ሆዴን ቆረጠኝ፣ ጌታዬ» አለ ለገሰ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ።

ሀረገወይን ሰማችው። ሚስቴ ነች አላለም። ሕዝብ ፊት ሸፈናት።

አጠገቧ የቆመችው አመለወርቅ ግን ነገር አገኘች። «የራሕማ ወተት ነው!» አለች፣ ሻምበሉ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ምን አብልታው እንደሆነ ማን ያውቃል? ያቆመችው እሷ ናት። ወታደር ደጇ እንዳይደርስ መከልከል ነው።» ሴቶቹም አዎ፣ አዎ ተባባሉ።

ሀረገወይን ስትመኘው የከረመችው ነገር ሳትደክምበት እጇ ገባ። ዝም ብትል በቃ፣ ራሕማ አለቀላት። ጥቂትም አጣጣመችው። ኋላ ግን አንዱ ቃል እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ያቆመችው እሷ ናት! እንዴት ተደርጎ! በየጠዋቱ ደጇ ሲደርስ እግሩ አርፎ የማያውቀውን ሰውዬ? ይህንንም ደግሞ ለራሕማ ልትሰጣት ነው?

«ወተቱን አልቀመሰውም» አለች ጮክ ብላ። «ያስቆምኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ? ስለምን?» አለች አመለወርቅ።

«ቀንቼ።»

ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ሻምበሉ ሳቃቸውን ለመሸሸግ ጢማቸውን ያዙ። ጂሎ ብቻ አልሳቀም፤ አንደኛ ወጥቶም አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ወደ ቤት ሲሄዱ ለገሰ ፊት ፊት ሄደ። የየዓለምወርቅ በር አጠገብ ሲደርሱ ነው ቃል የተነፈሰው።

«እኔ ሆድ ቁርጠት ብዬልሽ ነበር እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

«አሁን ሚስቱን ፈርቶ የቆመው ሯጭ ሊሉኝ ነው። ጡረታ እስክወጣ።»

ይቅርታ ልትለው አፏን ከፈተች። ስለ አዲስ አበባው፣ ስለ ዋለበት አቧራ፣ በባዶ እግሩም ስለሮጠው ይቅርታ ልትል ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ራሕማ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ትቆምላት ነበር?»

ለገሰ ዞሮ አያት። ያበደች መስላው እንደሆነ ከዓይኑ አነበበች።

«በውድድር ቀን?» አለ። «ጣሳውን እየሮጥኩ ነበር የምቀበላት።»

ሀረገወይን ልጇን ልትወስድ ወደ የዓለምወርቅ ቤት ገባች። ባሏ ያን ያህል የደከመበትን ነገር አሳጥታዋለችና ማዘን ነበረባት፤ እግዜር ይቅር ይበላትና አላዘነችም።