የበጉ መዝገብ

በሃያ ሁለት ዓመት የአራጅነት ዘመኔ አንድም በግ እጄ ላይ ሁለቴ አልጮኸም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። በአዘቦት ቀን ጎፋ አንድ ልኳንዳ ቤት ሥጋ እቆርጣለሁ። በበዓል ቀን ግን ቢላዬን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከግቢ ግቢ እየዞርኩ የሰው በግ አርዳለሁ። ይህ ሥራ ሕግ አለው። ቢላው ከበጉ ዓይን ይሰወራል፣ በግ በበግ ፊት አይታረድም፣ አንገቱ ወደ ምሥራቅ ይዞራል፣ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" ይባልና ባንዴ ይቆረጣል። ሳይባረክ የሞተ በክት ነው፤ የሚበላው የለም። አባቴ ያስተማረኝ ይህንን ነው፤ እኔም ከዚህ ሌላ ይህ ነው የሚባል እውቀት የለኝም።

የእንቁጣጣሽ ጠዋት መጀመሪያ የምሄደው ሁልጊዜ ታናሽ እህቴ ጸሐይወርቅ ቤት ነው፣ ፉሪ። ባሏ በኃይሉ የሕንፃ ብረት ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ፌሮ ሲያጥፍ ስለሚውል ክንዱ የኔን ጭን ያህላል። ሰው ፊት ሳቂታ ነው፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ከማንም ቀድሞ ይገኛል። ቤቱ ሲገባ ግን እህቴን ይደበድባታል። ሰፈሩ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ሦስት ጊዜ ልጇን ምሥጋናን አዝላ እኔ ቤት ሸሽታ መጥታለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ሽማግሌ ሰብስቤ፣ "ትዳር ነው፣ ቻይው" አስብዬ መልሻታለሁ። በኃይሉ እግሬ ላይ ወድቆ ይቅርታ ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይቅርታ የሚጠይቀው እኔን እንጂ እሷን እንዳልሆነ ያኔ ልብ አላልኩም።

የዘንድሮው እንቁጣጣሽ ዕለት በራቸው ጋ ስደርስ በግ ሲጮህ ሰማሁ። የራበው በግ ጩኸት አልነበረም። በሩን ገፍቼ ገባሁ።

በኋላ እንደተነገረኝ በጉ ገመዱን በጥሶ ወደ መንገድ ወጥቶ ነበር። በኃይሉ ሊይዘው ሲሮጥ የመስከረም ጭቃ አዳለጠውና በአዲሱ ነጭ ልብሱ በሆዱ ተዘረረ። ጎረቤት ሳቀ። እንግዲህ የበጉ ጥፋት ይህ ነው፤ ሰው እንዲስቅበት አድርጓል። በኃይሉም አብሯቸው እየሳቀ በጉን እየጎተተ ወደ ግቢ አስገባው፣ በሩን ዘጋ፣ ግድግዳ ጥግ ከተደገፉት ፌሮዎች አንዱን አነሳ።

እኔ ስገባ የፊት ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ በቆዳው ብቻ ተንጠልጥሏል። በኃይሉ ሁለተኛውን እግር መታው። አጥንት ሲሰበር ድምፁን አውቀዋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ነገር ግን በሕይወት ያለ ፍጡር አጥንት ሲሰበር ሰምቼ አላውቅም ነበር። በጉ በደረቱ ወደቀ። በኋላ እግሮቹ እየገፋ ወደ ግድግዳው ለመሄድ ሞከረ። "ሩጣ! ሩጣ እንጂ!" እያለ የኋላ እግሮቹንም ተራ በተራ ሰበራቸው። ከዚያ አፉን መታው። ጥርስ ከደም ጋር ጭቃው ላይ ወደቀ። በጉ ጩኸቱን አቁሞ በአፍንጫው ብቻ ይተነፍስ ነበር፤ በያንዳንዱ ትንፋሽ የደም አረፋ ይወጣል።

እህቴ የምሥጋናን ፊት ደረቷ ላይ ለጥፋ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃለች። በጉን አታይም። የምታየው የባሏን እጅ ነው፤ ፌሮው ቀጥሎ ወዴት እንደሚዞር።

"በኃይሉ! ተው እንጂ! አብደሃል እንዴ?" አልኩ።

ዞር ብሎ አየኝ። ያልበዋል፣ ፊቱ ላይ ደም ተረጭቶበታል፣ ያም ሆኖ ፈገግ አለ። "ጋሽ መኩሪያ! እንኳን አደረሰህ። ቶሎ በል ባርከው እንጂ፣ በክት ሊሆንብኝ ነው!"

ባረክሁት። ወደ ምሥራቅ አዞርኩት፣ በስመ አብ ብዬ ቆረጥኩት። ስቃዩን ላሳጥርለት ብዬ ነው። እውነቱ ይህ ነው፤ ግን ሌላም እውነት አለ፤ ያ ሰው ሲያዝዘኝ እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ታዟል። ከዚያ ሰቅዬ ገፈፍኩት። ቆዳው በምቱ ተበላሽቶ ስለነበር ቆዳ ገዢዎቹ እንኳ አልወሰዱትም። ሥጋው ግን ተበላ። እኔም ከማዕዱ ቀርቤ ጎረስኩ፤ አንዴ ጎርሼ አልዋጥ ሲለኝ በጠላ አወረድኩት።

ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር፣ ጎረቤታቸው ገዲሴ ባትኖር። ገዲሴ በአጥሩ ላይ ሆና በስልኳ ከመጀመሪያው ምት እስከ መጨረሻው ቀርጻዋለች። ለምን እንደቀረጸችው ስጠይቃት "ሚስቱን ሲመታ ለሦስት ዓመት ድምፁን ብቻ ስሰማ ኖሬያለሁ፣ ጋሼ። ደጅ ወጥቶ ሲመታ በዓይኔ ያየሁት ይህን አንዱን ነው" አለችኝ። ስልኳን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። እዚያ መጀመሪያ ሳቁባት። የተረኛው አለቃ ግን ቪዲዮውን እስከ መጨረሻ አይቶ ሳቁን አቆመ፤ መዝገብም ተከፈተ።

ለምስክርነት ስጠራ ዐቃቤ ሕጓን ሀኒፋን አገኘኋት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ትዕግሥት የሌላት ሴት ናት።

"አንተ ነህ ያረድከው?"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን አረድከው?"

"እንዲያ ሆኖ እያየሁት ልተወው?"

ብዕሯን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። "ብትተወው ኖሮ የእንስሳት ሐኪም አስመርምረን ማስረጃ እናቀርብ ነበር። አሁን ግን በጉ ተባርኮ፣ ታርዶ፣ ተበልቷል። ሰውዬው የራሴን የበዓል በግ አሳረድኩ ይላል፤ የራስን በግ ማረድ ወንጀል አይደለም። የቀረን ቪዲዮው ነው።"

"በቪዲዮውስ ስንት ይፈረድበታል?"

"በእንስሳ ላይ መጨከን ደንብ መተላለፍ ነው። ቢበዛ ሦስት ወር። ብዙ ጊዜ ግን ትንሽ መቀጮ ከፍሎ ይወጣል።"

ያን ቀን ከቢሮዋ ስወጣ እጄን ጠላሁት። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቢላዬን መሬት ላይ ጥዬ "አላርድም" ማለት ነበረብኝ፤ ያ ቀን ያ ነበር፣ አመለጠኝ። ሦስት ወር ለእህቴ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። እሱ ቤት በሌለበት ሦስት ወር ልጇን ይዛ የምትጠፋበት ጊዜ ነው። መቀጮ ከፍሎ በማግስቱ ከገባ ግን የበጉን ንዴት እሷ ላይ እንደሚወጣው ሳልጠይቅ አውቃለሁ።

ጉዳዩ ለጥቅምት ተቀጠረ። በኃይሉ ሸሚዙን አስተኩሶ መጣ። እህቴንም አምጥቷታል። የሐበሻ ቀሚስ አስለብሶ፣ ነጠላዋን አስከናንቦ፣ ምሥጋናን አስይዞ የፊት ወንበር ላይ አስቀምጧታል።

ቪዲዮው ታየ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩ ባለጉዳዮች ፊታቸውን አዞሩ፤ አንዲት አሮጊት "ኧረ የመድኃኔ ዓለም ያለህ!" ብለው ወጡ። ዳኛው ጠየቁኝ፤ ስታርደው በሕይወት ነበር ወይ? ነበር። ለምግብ ነው ያረድከው? አዎ። በመልሴ ሁሉ በኃይሉ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል፣ ልክ እንዳስጠናኝ ሁሉ። ቢሆንም ዳኛው ቪዲዮውን አልረሱትም። ጥፋተኛ ነህ አሉት። ከዚያ ወደ ቅጣቱ ተሄደ።

ሀኒፋ ተነስታ፣ ድርጊቱ የተፈጸመው በሕፃን ልጅ ፊት ስለሆነና ጭካኔው ከባድ ስለሆነ ቅጣቱ ይክበድልኝ አለች። ዳኛው "ተከሳሽ፣ የቅጣት ማቅለያ ካለህ አሰማ" አሉት።

በኃይሉ እጁን አጣምሮ ጎንበስ አለ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከዚህ በፊት ተከስሼ አላውቅም። ሠርቼ አደር ነኝ። የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ፤ ባለቤቴና ልጄ ያለ እኔ ማንም የላቸውም። ያቻትና ባለቤቴ፣ ያቻትና ልጄ።" ድምፁ ተሰበረ። እውነቴን ነው፣ ለቅጽበት እኔም አዘንኩለት። ዳኛውም ወደ እህቴ አይተው ብዕራቸውን አነሱ።

ጸሐይወርቅ ብድግ አለች።

"እኔን አይጻፉኝ" አለች።

"ማነሽ አንቺ? ተቀመጪ" አሉ ዳኛው።

"ያቻትና የተባልኩት ነኝ። በማቅለያው ውስጥ እኔን አይጻፉኝ፣ ጌታዬ።" ምሥጋናን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ነጠላዋን ገለጠች። ከጆሮዋ በላይ እጅ የሚያህል ቦታ ፀጉር የለውም፤ ቆዳው እንደተቃጠለ ተኮማትሯል። "ይህ የፈላ ውኃ ነው፣ የአምናው ፍልሰታ።" የግራ እጇን አነሳች። "ይህ በፌሮ ነው። በጉን በሰበረበት ሳይሆን ከጎኑ በነበረው።" የጎን አጥንቷን ነካች። "እዚህ በጫማው ነው፤ ሁለተኛው ልጄ ሆዴ ውስጥ ነበር። እሱም ጨነገፈ። ያለ እኔ ማንም የላቸውም ይላል። ይህ ሰው ባይኖር ሁለት ልጆች ይኖሩኝ ነበር።"

በኃይሉ "ዝም በይ!" ብሎ ወደ እሷ ተንደረደረ። ፖሊሱ ወገቡን ይዞት ሁለቱም ወንበር ላይ ወደቁ፤ ወንበሩ ተገለበጠ፣ ምሥጋና ጮኸች። በኃይሉ በወደቀበት ሆኖ እግሩን ሰንዝሮ የእህቴን ቁርጭምጭሚት አገኘው። እሷ ግን ወደ ኋላ አላለችም። ሁለት ፖሊሶች እጁን ጠምዝዘው ካቴና አስገቡበት።

ዳኛው የተገለበጠው ወንበር እስኪነሳ ጠብቀው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ ይህ የተነገረው ሁሉ ሌላ መዝገብ እንጂ የዚህ መዝገብ ጉዳይ አይደለም፣ ዐቃቤ ሕግ ልትከታተለው ትችላለች አሉ። የቤተሰብ አስተዳዳሪነቱን በማቅለያነት አልያዝነውም አሉ። ሁለት ወር ፈረዱበት። ሲወሰድ በኃይሉ አንገቱን አዙሮ ፈገግ እያለ "ሁለት ወር እኮ ነው፣ ጸሐይ!" አላት፤ ከፌሮው ይልቅ ያ ፈገግታው አስፈራኝ።

ውጭ ሀኒፋ የድብደባውን አቤቱታ ዛሬውኑ ጻፊ አለቻት። እህቴ "መጀመሪያ ነፍሴን ላውጣ፣ ከዚያ እጽፋለሁ" ብላ መሄድ ጀመረች። እስከ መካኒሳ አቦ ድረስ ምሥጋናን ታቅፌ ተከተልኳት። እያነከሰች ትፈጥናለች።

"ነይ እኔ ቤት" አልኳት።

"አልመጣም፣ ጋሼ።"

"በእግዜር ስም፣ አሁንስ አልመልስሽም!"

ቆመች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ትመልሰኛለህ። ሽማግሌ ሲመጣ፣ እግርህ ላይ ሲወድቅ፣ ሆድህ ይባባል። አውቅሃለሁ እኮ።" ምሥጋናን ከእጄ ወሰደች፤ አንድ ታክሲ በር ከፍቶ ሲቆም ገባች። ወዴት ነው ብዬ ጮህኩ። "አልነግርህም" አለች፣ በሩም ተዘጋ። እኔ መንገድ ዳር ቆሜ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

በኃይሉ በተፈታ በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ ጎፋ ቤቴ መጣ። ሰላምታ አልሰጠኝም፤ ፌሮ ይዟል። ሸሚዝ እያጠብኩ ነበር። የመጀመሪያው ምት ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ ሳፋው ላይ ወደቅሁ።

"የት ናት?"

"አላውቅም!"

ሁለተኛው አፌ ላይ ነበር። ሁለት ጥርሴ ምላሴ ላይ ሲንከባለል ተሰማኝ። ሦስተኛው ቀኝ ክንዴን ሰበረው። እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም፤ ጎረቤቴ ሙሴ በኋላ "የሰው ድምፅ አልመሰለኝም" አለኝ። "የት ናት? የት ናት?" እያለ ጎኔን በጫማው ደጋገመው። እኔም በደም አፌ አላውቅም፣ አላውቅም እላለሁ። ሙሴና ሌሎች ሦስት ሰዎች ተረባርበው ያዙት። አሁን እስር ቤት ነው። የሰው አጥንት ነውና ቅጣቱ በወር ሳይሆን በዓመት ይሰላል አሉኝ።

ሀኒፋ ቃሌን ከሚቀበለው ፖሊስ ጋር ሆስፒታል መጣች። አልጋዬ አጠገብ ቁጭ አለች፤ ያቺ ትዕግሥት የለሽ ሴት በፍቅር ዓይን ታየኝ ጀመር። "እንዲያ እየቀጠቀጠህ እህትህን አላጋለጥክም። ጀግና ወንድም ነህ፤ ይህን ለዳኛው እነግራለሁ" አለችኝ።

በተሰፋ ከንፈሬ ቀስ ብዬ ተናገርኩ። "እንደሱ አይደለም። ጻፊልኝ። ሦስተኛው ምት ላይ ባውቅ ኖሮ እነግረው ነበር። እህቴ ይህን ታውቃለች። ያልነገረችኝ ለዚህ ነው።"

ሀኒፋ ወደ ፖሊሱ ዞረች። ሊጽፍ ሲጀምር ብዕሩን በእጇ ያዘችበት፤ ለመዝገቡ አይጠቅምም ብላ አላስጻፈችውም።