ልክ የነበረው ሰዓት

ማሩ ትእዛዙን እንደገና ጽፎ ቁልፉን መታና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። በስክሪኑ ላይ ጥቁሩ መስኮት በመቶኛ መቁጠር ጀመረ። ኮምፒውተሩ የገዛ ራሱን ፋይሎች አንድ በአንድ እያነሣ ይፈትሻል፤ የተበላሸ ካገኘ በደህናው ይተካል። እንዲያ ነው የሚባለው። ማሩ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሲፈትሽ እንጂ ሲተካ አላየውም።

መቶው ሲሞላ ያው መልስ ወጣ። የተበላሹ ፋይሎች ተገኝተዋል፤ አንዳንዶቹን መጠገን አልተቻለም።

«ምን አለ?» አለች ጥሩወርቅ ከኋላው ቆማ።

«ያለውን አለ።»

«እሱንማ እኔም አየሁት። ትርጉሙን ነው፣ ጋሼ።»

«ሕመሙን አውቄዋለሁ፣ መድኃኒቱ ግን የለኝም ይልሻል።»

«እንግዲያ ከጠንቋይ በምን ተሻለ?»

ማሩ አልሳቀም። ዓይኑን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ። ዕድሜው ስድሳን አልፏል። ወልድያ ላይ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግን ኖሮ፣ ሬዲዮ የሚያሠራ ሰው ሲጠፋ ሳይወድ ወደ ኮምፒውተር ዞረ። በዚህ ሙያ ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት አለ፤ ፎርማት ይሉታል። ውስጡን ሁሉ ጠርጎ አውጥቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ራስ አያዞርም፣ ወገብ አያደክምም። ዛሬም ፍላሹን ኪሱ ከቶ በሚኒባስ መርሳ ከተማ የወረደው ያንኑ አድርጎ ከምሳ በፊት ሊመለስ ነበር።

ጥሩወርቅ ግን ገና ከበሩ ነበር ያስቆመችው። «አንቱ ጋሼ፣ ፎርማት የሚባለውን ቃል እዚህ ቤት እንዳያነሡብኝ።»

ምክንያት ነበራት። ሱቋ አስፋልቱ ዳር ያለ የጥልፍ ቤት ነው። ከግድግዳው ተጠግቶ ትልቁ የጥልፍ ማሽን ቆሟል፤ ነጠላ አልብሳዋለች። ማሽኑ የሚጠልፈውን መስቀልና ሐረግ የሚስለው ፕሮግራም ያለው እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ስትሸሽ ኮምፒውተሩን በአንሶላ ጠቅልላ እንደ ልጅ አዝላው ወጣች። ማሽኑ ከብዶ የሚያነሣው ጠፍቶ ተረፈ። የፕሮግራሙ ሲዲ ግን ከነመሳቢያው ሄደ። የሸጠላት ነጋዴ ስልኩ አይነሣም። ኮምፒውተሩ ከተጠረገ ፕሮግራሙም አብሮ ይጠረጋል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ብረት ነው። እሷም ከብረት ጋር ትቀራለች። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ቤቷን ያቆመው ይኸው መርፌ ነው።

ሰሞኑን መብራት ድንገት ሄዶ ሲመጣ ፕሮግራሙ አልከፈት አለ። ነገሩ ይኸው ነው።

«ለምንድን ነው የማይጠግነው?» አለች።

ማሩ መናገር ደክሞት ነበር። ቢሆንም ነገራት። «ኮምፒውተሩ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ዘር አለው፣ በራሱ ጎተራ ውስጥ። ፋይል ሲበላሽ ከዚያ እያወጣ ይተካል። ያንቺው ጎተራውም ነቅዟል።»

«ጎተራ ከነቀዘ ከጎረቤት ዘር ይለመናላ!»

«እሱን ነው የምለምነው።»

መጀመሪያ በፍላሹ ከያዘው ሞከረ። ዝርያው የተለየ ሆነና ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ። ከዚያ የስልኩን ኢንተርኔት ከፍቶ፣ ኮምፒውተሩ ደህናውን ዘር ከሩቅ፣ ከሠሪዎቹ ዘንድ እንዲያወርድ አዘዘው። ትንሽ ሄደና ቆመ። ምንጩ ሊገኝ አልቻለም አለው። ደገመው። አሁንም አልቻለም። ኔትወርኩን ተጠራጥሮ በስልኩ አንድ ነገር ከፈተ፤ እንደ ውኃ ወረደ።

«አንቺ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምን ነክተሻል?»

«ምንም።»

«ከመበላሸቱ በፊትም ቢሆን?»

«ማርያምን! ከመጥለፍ በቀር ምንም አልነካሁም።»

አመናት። ውሸት የምትናገር ሴት አትመስልም፣ አይደለችምም። ከመስጊዱ የዙህር አዛን ተሰማ። ማሩ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። በኮምፒውተሩ ጥግ ያለችውንም ሰዓት አየ፤ ከእጁ ጋር አንድ ናት። ሁሉም ነገሩ ሲፈርስ ሰዓቱ እንኳ አልሳተም አለ በልቡ።

ከዚያ በኋላ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ፤ የሚያውቀውም አለቀ። ፍላሹን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ጥሩወርቅ ፍላሹ ሲነቀል አየች። ሄዳ የማሽኑን ነጠላ አስተካከለች፤ ያልተዛባውን።

«ጥሩወርቅ…» አለ ማሩ።

«ገብቶኛል፣ ጋሼ። ቃሉን አይጥሩት።»

«ሌላ መንገድ አጣሁ።»

«ቢያንስ ምሳ ይብሉ። በባዶ ሆድ አያፍርሱኝ።»

ማሩ ለወልድያው ሚኒባስ ረዳት ሊደውል ስልኩን አነሣ። ስልኩ 12:40 ይላል። አእምሮው እንደ ልማዱ ስድስት ቀነሰለት፤ ስድስት ሰዓት ከአርባ። ይህን ቅነሳ ማንም አያስተውለውም። በዚህ አገር ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ የፈረንጁን ሰዓት እያየ የራሱን ያነባል። ማሩ ጣቱን የረዳቱ ስም ላይ እንዳደረገ ኮምፒውተሩን አየ። 6:40 ይላል።

እዚያ ላይ ምንም አልቀነሰም ነበር።

ስልኩን አስቀመጠ። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ሰዓቷን ተጫናት። ቀኑ ተዘርግቶ ወጣ፤ ዓመቱ 2017።

«ጥሩወርቅ። ይህን ሰዓት ማን ነካው?»

«እሱን? እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።»

«ምንም አልነካሁም አላልሽም?»

«አልነካሁማ! ተሳስቶ ነበር፣ አስተካከልኩት። ማስተካከልም መንካት ሆነ እንዴ?» አለች፤ ተቆጥታም ነበር። «የቀጠሮ ወረቀት ባወጣሁ ቁጥር የፈረንጅ ዓመት እያተመ ሲያዋርደኝ! ከግራና መንደር አንድ ሽማግሌ የልጃቸውን ቀሚስ ሊያሠሩ መጥተው፣ ወረቀቱን አዩና በገበያ መሃል ‹አንቺ ሴት፣ ሠርጉ ዘንድሮ ነው፤ ቀሚሱን ከስምንት ዓመት በኋላ ነው የምትሰጪን?› ብለው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። በማግሥቱ ዓመቱንም፣ ወሩንም፣ ሰዓቱንም ወደኛው መለስኩት።»

ማሩ ግንባሩን ያዘ። ቁጣ ሊመጣ ሲል ድካሙ ቀደመው። እሱስ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱ ተደቅኖ ሲያየው የነበረ አይደለም? ልክ ስለነበረ አላየውም።

«አየሽ» አለ፣ «ከሩቅ ዘር የሚሰጠው ሰው መጀመሪያ መታወቂያውን ያሳያል። ያንቺ ኮምፒውተር መታወቂያውን ሲያይ፣ የተሰጠበት ቀን ገና ያልመጣ ነው። እሱ ያለው ስምንት ዓመት ኋላ ነዋ! ነገ የታተመ መታወቂያ ይዞ በሌሊት በርሽን የሚያንኳኳ ሰው ቢመጣ ትከፍቺለታለሽ?»

«ዱላ ነው የማነሣለት።»

«እሱም ዱላ አነሣ።»

ሰዓቱን ወደ ፈረንጁ መለሰው፤ ዓመቱ 2025 ሆነ። ትእዛዙን ጻፈ። ዘሩ መውረድ ጀመረ። ሃያ፣ አርባ፣ ስድሳ አለና ስድሳ ሁለት ላይ ቆመ። እዚያ ላይ ልማዱ ነው፤ ይቆያል፣ አይነካም። በዚህ መሃል መብራት ቢሄድ ግን የቀረችው ደህና ፋይል ሁሉ አብራ ልትሄድ ትችላለች። የመብራት መጠባበቂያው ባትሪ ከሞተ ቆይቷል።

ከጎን በኩል አንድ ሞተር አጓራ። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ፤ ስክሪኑ ብልጭ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የናስር ወፍጮ! ከምሳ ተመልሶ ሊያስነሣ ነው!» ጥሩወርቅ ነጠላዋን ሳታነሣ ወጣች። ማሩ በቀጭኑ ግድግዳ ይሰማል።

«ናስር፣ እባክህ ለትንሽ ጊዜ አታስነሣው።»

«ወረፋው በሩን አልፎ ሄዷል፣ ጥሩዬ።»

«ኮምፒውተሬ ልትሞት ነው!»

«ስትሞት ለቅሶ እንደርሳለን» አለች ከወረፋው አንዲት ሴት። «እኛ ማሽላችንን ተሸክመን ከጠዋት ጀምሮ የቆምነውንስ ማን ይደርስልናል?»

«አንቺ ሀጂራ! የልጅሽን የዒድ ቀሚስ ማን ጠለፈው?»

«ወይ ጉድ! ከፍዬሽ የለም እንዴ?»

«ብትከፍይስ! ከእኔ መርፌ በቀር ማን ያውቀዋል የዚያን አንገት ሥራ?»

ወረፋው ሳቀ። ናስርም ሳቀ። «በቃ፣ በአላህ፣ ቀበቶውን አወለቅሁት። ግን ቶሎ በሉ፤ እነዚህ እኔን ነው የሚፈጩኝ።»

ጥሩወርቅ ስትመለስ ሀጂራ ተከትላት ገባች። ማሽላውን በሩ ሥር አስቀምጣ በላዩ ተቀመጠች፤ ወፍጮ ያስቆመውን ነገር በዓይኗ ልታይ።

«ስንት ደረሰ?»

«ስድሳ ሁለት» አለ ማሩ።

አንድ ጭነት መኪና ወደ ውርጌሳ አለፈ፤ መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ። ጥሩወርቅ አምፖሉን ነበር የምታየው እንጂ ስክሪኑን አይደለም።

«አሁንስ?»

«ስድሳ ሁለት።»

«ይህ ሰውዬ ሌላ ቁጥር አያውቅም እንዴ?» አለች ሀጂራ ወደ ጥሩወርቅ። ማሩ ሳያስበው ፈገግ አለ። ጀርባው ነዶታል፣ ምሳ አልበላም፣ ቢሆንም መነሣት አላሻውም። ቁጥሩ ቆሞ ቆሞ ሰማንያ ገባ። ከዚያ ወዲያ አልቆመም።

ጎተራው ሞላ። ማሩ የፊተኛውን ትእዛዝ ጻፈና ኮምፒውተሩ ራሱን እንደገና እስኪፈትሽ ጠበቁ። መልሱ ሲወጣ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል አነበበላቸው። «የተበላሹ ፋይሎች ተገኝተዋል። ተጠግነዋል።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

አጥፍቶ አበራው። ጥሩወርቅ ራሷ ፕሮግራሙን ተጫነች። ተከፈተ። ያቋረጠችው መስቀል ክንዱ ግማሽ ላይ እንደቀረ ወጣ። ነጠላውን ከማሽኑ ላይ ገፈፈች፣ ሸማውን ወጠረች፣ ክሩን አጠለቀች። ክሩ ሁለቴ አመለጣት። ከዚያ መርፌው መውረድ ጀመረ።

«ይህን ሰዓት ሁለተኛ እንዳታስተካክዪው» አለ ማሩ።

«የግራናውን ሽማግሌስ?»

«ለሳቸው በብዕር ጻፊላቸው።»

ሀጂራ ማሽላዋን እያነሣች «ስንት ሰዓት ሆኗል?» አለች።

ማሩ የኮምፒውተሩን ጥግ አየ። «ስምንት።»

ሀጂራ ጎንበስ ብላ አየች። «ሁለት ነው እኮ የሚለው! ጥሩወርቅ፣ እንዳትከፍይው፣ ገና አልዳነችም!»

ጥሩወርቅ ከጠዋት ወዲህ ገና አሁን ሳቀች፤ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሣ። ከጎን የናስር ወፍጮ አጓራ። አምፖሉ ደብዘዝ አለና ተመለሰ። መርፌው ቀጠለ። ማሩ ሚኒባሱን ለማግኘት ቀስ ብሎ ተነሣ።