ሽፍታ አለበት

ሠላሳ ሰባት አሮጌ ጠመንጃ አለኝ። ሰው ሲጠይቀኝ የታሪክ ፍቅር ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። ሠላሳ ስድስቱን የሰበሰብኩት አንዱን ለመደበቅ ነው። ግድግዳ ላይ ብቻውን የተሰቀለ ጠመንጃ «የማን ነበር?» ያስብላል፤ ከብዙ ጋር ሲደረደር ግን ማንም ልብ አይለውም።

አንዱ የአያቴ ነው፤ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ ሰደፉ በእጅ ብዛት የለሰለሰ። ዘመድ ሁሉ አያቴ የመንገድ ዘብ ነበር ብሎ ያምናል። አባቴ ሊሞት ሲል ግን እውነቱን በጆሮዬ ነገረኝ። አያቴ ሽፍታ ነበር፤ ጠመንጃውንም ያገኘው ድልድይ ላይ አንድ ዘብ ገድሎ ነው። አንቱታ የምነፍገውም ለዚህ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ለሚስቴ እንኳ አልተነፈስኩም።

ሌሎቹን ጠመንጃዎች ሲበላሹ ወደ ጠጋኙ እወስዳለሁ። «ሐኪሙ» ነው የምንለው፤ ጠመንጃ ለእሱ በሽተኛ ነው። ቃታው የላላውን «ጣቱ ዝሏል»፣ አፈሙዙ የቆሸሸውን «ጉሮሮው ተዘግቷል» ይላል። ሠላሳ ዓመት የቆየ ወዳጄ ነው፤ ከወንድሜ ይልቅ እሱን እወደዋለሁ። የእሱ አያት የእውነት የመንገድ ዘብ ነበሩ። እንዴት እንደሞቱ ጠይቄው አላውቅም። መልሱን እፈራዋለሁ፤ ከመለሰልኝ ወዳጅነታችን የሚተርፍ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት እህቴን ጠይቄ ስመለስ የአያቴ ጠመንጃ ቦታው ላይ የለም።

«ጣሪያው አፍስሶ ሦስቱ ረጠቡ፤ ለሐኪሙ ላክኋቸው» አለች ሚስቴ።

«ማን ላኪ አለሽ?»

«እንዲዝጉልህ ነበር የፈለግከው? ደግሞ ለብረት ነው እንዲህ የምትጮኸው?»

እሷንም ጠረጠርኳት። ከሠላሳ ሰባቱ መካከል ያ እንዴት ተመረጠ? ጣሪያውስ ለምን እኔ በሌለሁበት አፈሰሰ? ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላስር ወጣሁ።

ሱቁ የማሽን ዘይት ይሸታል። ከጓዳ የሐኪሙ ሞረድ ሲያፏጭ ይሰማል። የአያቴ ጠመንጃ ጠረጴዛው ላይ፣ ጨርቅ ተነጥፎለት ተጋድሟል፤ ቃታው ላይ በሲባጎ የታሰረች ካርቶን አለች። የሐኪሙ እጅ ጽሑፍ ነው፦

«ሽፍታ አለበት። የቆየ ነው። ባለቤቱን ማነጋገር።»

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው። ማን ነገረው? ከሰደፉ ሥር ስም ተቀርጾ ይሆን? ወይስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እያወቀ ሲጠብቀኝ ነበር? አዲስ ጠመንጃ ባመጣሁ ቁጥር «የማን ነበር?» እያለ የሚጠይቀኝ ትዝ አለኝ።

ሐኪሙ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። «እንኳን መጣህ። ስለዚህኛው የማዋይህ ቁም ነገር አለ» አለኝ። ድምፁን ዝቅ ያደረገ መሰለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ምኑን?»

«አታድርቀኝ! አያቴ ሽፍታ መሆኑን ነዋ! ዘቡን ድልድይ ላይ ገድሎ ይኼን ጠመንጃ መውሰዱን ማን ነገረህ?»

መነጽሩን አወለቀ። ካርቶኗን አየ፤ እኔን አየ።

«ፍን አጥብቀህ አንብበው እንጂ፣ ወንድሜ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሽፍታ። ሕፃን ቆዳ ላይ የሚወጣው።» በአውራ ጣቱ ብረቱን ዳበሰ። «ዝገት ነው። እንዲህ ሽፍ ብሎበታል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነትም ብረቱ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች ችፍ ብለዋል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። አርባ ዓመት አጥብቄ የያዝኩትን አንዲት ፊደል አላልቼ ስላነበብኩ ለቀቅኩት። በራሴ ላይ መሳቅ ፈለግሁ፤ እሱም አብሮኝ እንዲስቅ ጠበቅሁ።

አልሳቀም። ጠመንጃውን አነሳና ሰደፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ሥሩን ስም የሚፈልግ ይመስል በጣቱ ዳበሰው።

«የትኛው ድልድይ ነው?» አለኝ።

የእሱ አያት ይጠብቁት በነበረው መንገድ ላይ ያለው ድልድይ አንድ ብቻ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን።